ካቻቪቴ የሌለው ቤት

ነገሩ የሚጀምረው በጠብታ ነው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ተጠምዝዞ ተዘግቶም ጠብ፣ ጠብ ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት ማንም ልብ አይለውም። በሁለተኛው ሳምንት ከሥሩ ባልዲ ይቀመጥለታል። በሦስተኛው ወር ባልዲው ከቤቱ ዕቃ ጋር ይቆጠራል፤ እንግዳ ሲመጣ እንኳ አይነሳም። በስድስተኛው ወር ከሲንኩ ሥር ያለው ቁም ሳጥን እንጨቱ አብጦ በሩ አልገጥም ይላል፤ ከታች ያለው ጎረቤት «ጣሪያዬ ላይ ቢጫ ነገር ወጣ» ብሎ በር ያንኳኳል። ያኔ ባለሙያ ይጠራል። ባለሙያው ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎ ማክሰኞ ይመጣል። ቧንቧውን ይፈታል፣ ከኪሱ የጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ጎማ አውጥቶ ይቀይራል፣ መልሶ ያጠብቃል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ሥራው ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ያቺ ጎማ ጎሚኒ ትባላለች። በየሰፈሩ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ተሰቅላ ትሸጣለች። ለመቀየር የሚያስፈልገው ውኃውን ከዋናው መዝጊያ ዘግቶ በመፍቻ ፈትቶ አሮጌዋን አውጥቶ አዲሷን ማግባት ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪ የያዘ አባወራ፣ የመሥሪያ ቤት ሒሳብ የምትዘጋ እመቤት፣ ፊዚክስ የሚማር ልጅ አሉ። ሦስቱም ስድስት ወር ሙሉ ባልዲ ሲደፉ ከረሙ።

ይህ ቤተሰብ ገንዘብ አላጣም፤ ጊዜም አላጣም፤ ባልዲ መድፋት ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ያጣው ሌላ ነገር ነው። የከተማ ቤት በድህነት ብቻ አይፈርስም። በንቀትና በፍርሃትም ይፈርሳል። ንቀቱ የነዋሪው ነው፤ ፍርሃቱን ያመጣው ግን ቢሮው ነው። ሁለቱ ተጋግዘው ነው ጠብታን ጎርፍ የሚያደርጉት።

ንቀቱ

በእጅ ሥራ ማፈር በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ብረት የቀጠቀጠው ጠይብ፣ ሸማ የሠራው ሸማኔ፣ ቆዳ ያለፋው ፋቂ እየተባለ ተሰድቧል፤ ማረሻውን የሠራለትን ሰው «ቡዳ» እያለ የሚሸሽ ገበሬ ኖሯል። ነገሩ የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ለማወቅ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያወጁትን አዋጅ ማስታወስ ይበቃል፤ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ነበር። አንድ ንጉሥ ስድብን በአዋጅ እስከ መከልከል ከደረሰ ስድቡ አገሩን እየጎዳ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ ቀንሷል፤ ንቀቱ ግን ልብሱን ቀየረ እንጂ አልሞተም። ዛሬ «ሰው ጠርቼ አሠራለሁ» በሚለው አነጋገር ውስጥ ይኖራል። አባወራው መሰላል ላይ ወጥቶ አሸንዳ ሲጠርግ ያየው ጎረቤት «ምነው፣ ሰው አጣህ?» ይለዋል። ጥያቄው የርኅራኄ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ፍርድ አለው። ሰው አጣህ ማለት ገንዘብ አጣህ ማለት ነው፤ ወይም ገንዘብ እያለህ ቋጠርህ ማለት ነው። ቤቱን ራሱ የሚጠግን ሰው ከሁለት አንዱ ሆኖ ይቆጠራል፤ ድሃ ወይም ቆንቋና።

ሴት ከሆነች ደግሞ ሦስተኛ ስም ይጨመርላታል። ሶኬት ስትፈታ የታየች ልጅ «ወንዳወንድ» ትባላለች። ይህን የሚለው ሰው እናቱ የጭቃ ግድግዳ በእጇ ስትመርግ፣ ወለል በእበት ስትለቀልቅ እያየ ያደገ መሆኑን ይረሳል።

ቋንቋውም ይመሰክራል። መዶሻ፣ መጋዝ፣ መሮ የአገር ቃል ናቸው። ካቻቪቴ፣ ፒንሳና ስቱኮ ከጣልያንኛ መጥተው አማርኛ ሆነዋል። ቃሉ በሁሉም አፍ ገባ፤ ዕቃው ግን በሁሉም ቤት አልገባም። ባለ አርባ ሁለት ኢንች ቴሌቪዥን ያለበት ሳሎን ውስጥ የላላ ብሎን ሲገኝ ቢላዋ ይፈለጋል። ቢላዋው ይጎብጣል፣ የብሎኑ ራስ ይላጣል፣ ከዚያ በኋላ በካቻቪቴም አልፈታ ይላል።

ያው ሰው ግን ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ሲሄድ ሌላ ሰው ይሆናል። ቅዳሜ ጠዋት ሆም ዲፖ ይመላለሳል። የምድር ቤቱን ግድግዳ ራሱ ይቀባል፣ ሣሩን ራሱ ያጭዳል፣ የልጁን አልጋ ከካርቶን አውጥቶ ራሱ ይገጥማል። ፎቶ አንስቶም ለዘመድ ይልካል። ለእረፍት አዲስ አበባ ሲመጣ አምፖል የሚቀይርለት ሰው ያስጠራል። እጁ አልተቀየረም፤ የሚያየው ሰው ነው የተቀየረው።

«ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። የለም። ቤትን በራስ እጅ መጠበቅ ከየትም አልመጣም፤ የተረሳውም በአንድና በሁለት ትውልድ ውስጥ ነው። የዛሬው የከተማ ሰው አያት ቤቱን ያቆመው ደቦ ጠርቶ ነው። ማገሩን የማገረ፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር የረገጠ፣ ሣሩን የከደነ ጎረቤት ነበር፤ ነገ ደግሞ አያት በተራው የጎረቤቱን ይሠራል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ረመዳን ሲቃረብ ግድግዳ መቀባት የቤቱ ሰዎች ወግ ነው። ጉራጌ አገር መስቀል ሲመጣ ቤት ሳይታደስ በዓል አይገባም። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሸምኖ እንደ ዝሆን ራስ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱ ትንሽ ያጥርና ኑሮው ይቀጥላል፤ ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ቤት ከምስጥ ጋር ተደራድሮ አሥርተ ዓመታት የሚኖረው የሚጠብቀው እጅ ስላለ ነው።

ትምህርት ቤትም ድርሻውን ትቷል። በንጉሡ ዘመን የተከፈቱ ኮምፕሬሄንሲቭ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእንጨትና የብረት ሥራ ወርክሾፕ፣ የቤት አያያዝና የእርሻ ትምህርት ነበራቸው። ቀለም የሚማረው ልጅም መዶሻ ይዞ ያውቅ ነበር። በኋላ የእጅ ሥራ በአብዛኛው ተለይቶ ለቴክኒክና ሙያ ተተወ፤ ቴክኒክና ሙያ ደግሞ በብዙ ወላጅ አፍ «ነጥብ ያልመጣለት የሚገባበት» ነው። ልጁ ስለ ኤሌክትሪክ ጅረት ቀመር ሸምድዶ ይመረቃል፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ብሬከር የት እንደተሰቀለ ግን አያውቅም።

ሒሳቡ

በሴኮንድ አንድ ጠብታ ብቻ የምታፈስ ቧንቧ በቀን ከአራት ሊትር በላይ ውኃ ታባክናለች። በዓመት ወደ 1,500 ሊትር ነው፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ቢሰለፍ ሰባቱ ሞልተው ስምንተኛው ይጀመራል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ በሚወጣበት ኮንዶሚኒየም፣ ይህ ሁሉ በአንዲት ጎሚኒ ምክንያት ወደ ፍሳሽ ይወርዳል። የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ ያፈስሳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ጥቂት የምግብ ቀለም ወይም የተጠመቀ ሻይ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጠብ ተደርጎ ሳይለቀቅ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ጎማው ደክሟል።

ቆርቆሮውም እንዲሁ ነው። የቆርቆሮ ክዳን ቤት የሚያፈሰው አብዛኛውን ጊዜ ቆርቆሮው ስላለቀ አይደለም። ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይሰበሰባል፤ ዓመት ሙሉ ሲለጠጥና ሲሰበሰብ ሚስማሩ ይላላል፣ ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለችው ላስቲክ ትደርቅና ትሰነጠቃለች። መድኃኒቱ የላላውን ነቅሎ ላስቲክ ባለው አዲስ ሚስማር መተካት ነው። ሚስማር የሚመታውም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ውኃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ የተመታ ሚስማር ቀዳዳ ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በግንቦት፣ ሰማዩ ገና ደረቅ ሳለ፣ ግማሽ ቀን ይሠራል። የማያውቀው በሐምሌ እኩለ ሌሊት ድስትና ሳፋ እየደረደረ ያድራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ የተረተ ሕዝብ ነው ይህን የሚያደርገው።

የጭቃ ቤት ላይ የሚሠራው ስሕተት ደግሞ ከንቀቱ ጋር ቀጥታ የተያያዘ ነው። ጭቃ የድሃ ነገር ነው ተብሎ ስለሚታፈርበት በሲሚንቶ ይለሰናል። ለሁለት ዓመት ያምራል። ጭቃ እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሲሚንቶ ግን እንደ ድንጋይ ነው፣ አብሮት አይንቀሳቀስም። ይሰነጠቃል። ዝናቡ በስንጥቁ ይገባል፣ ከሲሚንቶው ጀርባ መውጫ ያጣል፣ ጭቃውን ያበሰብሳል። ከዚያ አንድ ቀን ልስኑ ግድግዳውን ይዞት ይወርዳል። የጭቃ ቤት የሚታደሰው በጭቃ ነው፤ ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት በቦካ ጭቃ። ከዚያ የጣሪያው ጠርዝ ወጣ ብሎ ዝናቡን ከግድግዳ ማራቅ፣ በግድግዳው ሥር ውኃ የሚሄድበት ቦይ መቆፈር። ይህን ሁሉ ያቺ የተናቀችው እናት ታውቀው ነበር።

ጓሮም የቤቱ አካል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። እንግዲህ አርባ ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት በዓመት ከ40,000 ሊትር በላይ ውኃ ይወርድበታል፤ 200 በርሜል ነው። አሸንዳና በርሜል ያለው ከዚህ ግማሹን እንኳ ቢይዝ ቆስጣና ጎመኑን በሰው እጅ ሳይመለከት ያጠጣል። አሸንዳ የሌለው ግን ያንኑ ውኃ በገዛ ግድግዳው ሥር ያፈሳል። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ሲጀመር በየግቢው ጎመን መትከል ተበረታቷል፤ መልካም ነው። ነገር ግን በጭቃ ግድግዳ ሥር የተተከለ ጎመን በየቀኑ ሲጠጣ ግድግዳውም አብሮ ይጠጣል። ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ፈቀቅ ማለት ብቻ ይበቃው ነበር።

የሚነሱ ክርክሮች

የመጀመሪያው ክርክር «የባለሙያውን እንጀራ መንጠቅ ነው» የሚል ነው። ክርክሩ ልብ ይነካል፤ ግን እውነት አይደለም። ጥሩ የቧንቧ ሠራተኛ ለአንዲት ጎሚኒ ሁለት ታክሲ ተሳፍሮ መምጣት አይወድም፤ ስለማይወድም ነው ቅዳሜ ያለው ማክሰኞ የሚመጣው። እንጀራው ያለው አዲስ መስመር በመዘርጋት፣ መታጠቢያ ቤት በማደስ፣ ሮቶ በመስቀል ላይ ነው። ከዚህም በላይ ሥራ የማያውቅ አሠሪ ለሐቀኛው ሠራተኛ ጠላት ነው። ጎሚኒ ምን እንደሆነች የማያውቅ ሰው ቧንቧውን በሙሉ ካላስቀየርክ የሚለውን አጭበርባሪና ልክ የነገረውን ሐቀኛ መለየት አይችልም። ስለማይችል ሁለቱንም ይጠረጥራል፣ ከሁለቱም ጋር ይከራከራል፣ መጨረሻ ላይ ርካሽ የጠየቀውን ይቀጥራል። አንድ ጊዜ ግድግዳ በስቱኮ ደፍኖ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቀለም የቀባ ሰው ግን የቀለም ሠራተኛን ዋጋ ሲሰማ አይጮህም፤ ክንዱ ያስታውሰዋል።

ሁለተኛው «ጊዜ የለም» የሚለው ነው። ባለሙያ ሲጠበቅ የሚውለው ቀን፣ ከመሥሪያ ቤት የሚወሰደው ፈቃድ፣ ሥራው ተበላሽቶ እንደገና የሚደወለው ስልክ በጊዜ አይቆጠርም ይመስላል።

ሦስተኛው «አደጋ አለው» የሚለው ነው። ይህኛው እውነት አለበት፤ ስለዚህ ድንበሩ ሳይድበሰበስ መነገር አለበት። በስልክ ቪዲዮ አይቶ ሁሉን ነገር እችላለሁ የሚለው ሰው ምንም አልነካም ከሚለው የባሰ ቤት አፍራሽ ሊሆን ይችላል።

ኤሌክትሪክ ቀዳሚው ድንበር ነው። የቤት መስመር 220 ቮልት ነው፤ ሰው ይገድላል። ብሬከር ዘግቶ፣ መዘጋቱንም በመፈተሻ አረጋግጦ፣ የተሰበረ የማብሪያ ማጥፊያ ክዳን መቀየር አንድ ነገር ነው። አዲስ መስመር መሳብ፣ ቆጣሪን መንካት፣ የምድር ሽቦ መቅበር ግን የባለሙያ ሥራ ነው። በብዙ ቤት የሚታየው ክፉ ልማድ ሌላ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል፤ ለ220 ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። ይህን በቀጭን ሽቦ በተዘረጋ ተራ ሶኬት ላይ ሰክተው ብሬከሩ ደጋግሞ ሲጥል ብሬከሩን ይረግማሉ፤ ይባስ ብሎም በሽቦ ያልፉታል። ብሬከሩ ሲጥል ቤቱን እያዳነ ነው። እሱን ማለፍ እሳት የሚጠራ የጢስ ምልክትን አፍንጫ ይዞ እንደ ማለፍ ነው።

ሁለተኛው ድንበር የሕንፃ ምሰሶና አግዳሚ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሳሎን ለማስፋት ተብሎ ምን እንደሚሸከም ያልታወቀ ኮንክሪት የሚቆፍር ሰው የሚያፈርሰው የራሱን ቤት ብቻ አይደለም፤ ከላይም ከታችም ሰው አለ። ሦስተኛው ድንበር ከፍታ ነው፤ ብቻውን፣ መሰላል የሚይዝለት ሳይኖር፣ በእርጥብ ቆርቆሮ ላይ የሚወጣ ሰው ጀግና አይባልም።

ከእነዚህ ድንበሮች ወዲህ ያለው ሰፊ ሜዳ ግን የነዋሪው ነው። ጎሚኒ፣ ቴፍሎን፣ የበር ማጠፊያ፣ የላላ እጀታ፣ የተደፈነ ሲንክ፣ የተሰነጠቀ ልስን፣ ቀለም፣ አሸንዳ፣ የአጥር ሚስማር፣ ጓሮ። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ዕቃ አንድ የጫማ ካርቶን አይሞላም፤ ሁለት ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ መፍቻ፣ መዶሻ፣ ሜትር፣ ቴፍሎን፣ የኤሌክትሪክ መፈተሻ።

ፍርሃቱ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ነዋሪውን የሚወቅስ ነው። ነገር ግን ነዋሪውን ብቻ ወቅሶ መተው ግማሽ እውነት ነው። መዶሻ ይዞ መውጣት የሚፈልግ፣ የሚያውቅም፣ ግን የማይደፍር ብዙ ሰው አለ።

በአሮጌ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ጣሪያ ላይ ድንጋይ፣ አሮጌ ጎማና የተሰበረ ብሎኬት ተጭኖ ይታያል። ከላይ ሆኖ ያየ ሰው «አይ ድህነት፣ ሚስማር እንኳ ጠፍቶ ነው» ይል ይሆናል። ሚስማር አልጠፋም። ድንጋይ መጫን ድምፅ የለውም፤ የመዶሻ ድምፅ ግን ሰው ይጠራል። ቆርቆሮ ሲመታ የተሰማበት ግቢ ደንብ አስከባሪ ይመጣበታል፤ «ፈቃድ አለህ?» የሚል ጥያቄም ይከተላል።

ሥሩ ከ1967 ዓ.ም. ይጀምራል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆነ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ለድሃው ታስቦ ዝቅ ተደረገ፤ በዚያም ብዙ ሰው ከጎዳና ተረፈ። ነገር ግን ያ ኪራይ ለአሥርተ ዓመታት እዚያው ቆሞ ቀረ፤ ቤቱን ለማደስ የሚተርፍ ሳንቲም አልነበረውም። ባለቤቱ ቢሮ ሆነ፣ ቢሮው ገንዘብ የለውም። የሚኖርበት ሰው እጅ አለው፣ መብት የለውም። ባለቤቱ አያድስ፣ አዳሹ ባለቤት አይደለም። በዚህ መሐል ግድግዳው ከሃምሳ ክረምት በላይ ዘንቦበታል።

የግል ቤት ያለውም ቢሆን ነፃ አይደለም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ያለ ፈቃድ መገንባትን፣ ማስፋፋትንና መለወጥን የከለከለው በበቂ ምክንያት ነው። በጥገና ስም አንድ ክፍል ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሲሆኑ ታይቷል፤ በጥገና ስም አጥር ወደ መንገድ ሲገፋም ታይቷል። ቁጥጥሩ አያስፈልግም የሚል የለም። ችግሩ በተግባር ጥገናና ለውጥ አለመለየታቸው ነው። ያለቀ ቆርቆሮ በዚያው ልክ ቆርቆሮ መተካት ለአንዱ ወረዳ ሹም ጥገና ነው፣ ለሌላው ግንባታ ነው። ድንበሩ በሹሙ ፊት ላይ ሲጻፍ ጉቦም እዚያው ይወለዳል። ለፈቃድ የሚመላለስ ሰው ከክረምቱ ጋር እሽቅድምድም ይገጥማል፤ ዘወትር የሚያሸንፈው ክረምቱ ነው።

ስለዚህ ሰው ሌሊት ይጠግናል። በበዓል ቀን፣ ሹም በማይኖርበት ሰዓት፣ በችኮላ፣ በባትሪ ብርሃን። በችኮላ የተሠራ ጥገና ደግሞ መጥፎ ጥገና ነው። ከተማዋ ሌሊት ተሠርቶ የሚያድርን ቤት የጨረቃ ቤት ትለዋለች። ሃምሳ ዓመት የቆመ፣ ኪራዩ የሚከፈልበት፣ ሌሊት የሚጠገን ቤትስ ምን ይባላል?

ተከራዩም የራሱ ፍርሃት አለው። ግድግዳ ቀብቶ፣ ቧንቧ አስተካክሎ፣ ጓሮውን አልምቶ ሲጨርስ አከራይ «ቤቱ እኮ አምሯል» ብሎ ኪራይ የሚጨምርበት ወይም የሚያስለቅቀው ታሪክ የተለመደ ነበር። አሁን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ደንግጓል፤ ጭማሪውንም በአከራዩ ፈቃድ ብቻ የሚወሰን መሆኑን አስቀርቷል። ሁለት ዓመት የሚቀመጥ ሰው ግድግዳ ለመቀባት ምክንያት አለው። ግን በብዙ ውል ላይ ጥገና የማን እንደሆነ የሚናገር አንዲት መስመር አትገኝም። ተከራይ ያወጣው ወጪ ከኪራይ ይታሰብ ወይስ አይታሰብ ተብሎ ሳይጻፍ ይፈረማል፤ ጠብ የሚጀመረው ቧንቧ ሲፈነዳ ነው።

ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ የጋራ ፍርሃት ነው። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግሉንና የጋራውን ለይቷል፤ የቤቱ ውስጥ የባለቤቱ፣ ጣሪያው፣ ደረጃውና የጋራ መስመሩ የሁሉም። በወረቀት ጥሩ ነው። በተግባር ጣሪያ ሲያፈስ «የአራተኛ ፎቅ ጉዳይ ነው» ይባላል፤ የምድሩ ፍሳሽ ሲሞላ «የምድር ቤቶች ጉዳይ ነው» ይባላል። የጋራ የሆነ ነገር የማንም ሆኖ ይቀራል። ማኅበሩ ዘበኛ ከቀጠረና ቆሻሻ ካስነሳ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። በጋራ ደቦ ጠርቶ ቤት ያቆመ ሕዝብ የልጅ ልጅ በጋራ አሸንዳ መጥረግ አቅቶታል።

እንግዲህ

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት በየአውራ መንገዱ ዳር የሕንፃ ፊት ተቀባ፣ መብራት ተሰቀለ፣ አጥር ተስተካከለ። ከተማ ሲያምር የሚጠላ የለም። ግን ከተቀባው ፊት ጀርባ፣ መንገዱ በማይታይበት በኩል፣ ባልዲው አሁንም ጠብታ እየተቀበለ ነው። ፊትን መቀባት ትእዛዝ ያስፈልገዋል፤ ጀርባን መጠገን ግን ፈቃድና እጅ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከቢሮው የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። በየወረዳው በር ላይ አንዲት ወረቀት በግልጽ አማርኛ ትለጠፍ። ያለቀ ቆርቆሮ በዚያው ልክ መተካት፣ ልስን፣ ቀለም፣ በርና መስኮት፣ አሸንዳ፣ ቧንቧ፣ የሽንት ቤት ጥገና፤ እነዚህን ለመሥራት ማሳወቅ ይበቃል ትበል። ምሰሶ መንካት፣ ክፍል መጨመር፣ አጥር ማስፋት፤ እነዚህ ፈቃድ ይፈልጋሉ ትበል። የቀበሌ ቤት ተከራይ በደረሰኝ ያወጣው የጥገና ወጪ ይመዝገብለት፤ ቤቱ ለልማት ሲፈርስ እንዳልነበረ አይቆጠርበት። ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም። የሹሙን ፊት በወረቀት መተካት ነው።

ከነዋሪው የሚጠበቀው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። የቤቱ ዋና የውኃ መዝጊያና ብሬከር የት እንዳለ ቤተሰቡ ሁሉ፣ ልጆችም ጭምር፣ ይወቁ። ግንቦት ሲገባ አሸንዳው ይጠረግ። የጫማ ካርቶኑ ይሙላ። ባለሙያ ሲመጣም ሳሎን ገብቶ ቴሌቪዥን ማየት ይቅርና አጠገቡ ቆሞ ማየት፣ መጠየቅ፣ «ቆይ እስቲ እኔ ላጥብቀው» ማለት ይልመድ። ጥሩ ባለሙያ ይህን አይጠላም፤ የሚጠላው ካለ የሚደብቀው አለው።

ፊዚክስ የሚማረው ልጅ ያቺን ጎሚኒ አንድ ጊዜ በገዛ እጁ ይቀይራት። ውኃው ፊቱ ላይ ይረጭበት፣ መጀመሪያ በተሳሳተ አቅጣጫ ያዙራት፣ አባቱም ከማያውቀው ነገር ላይ አስተያየት ይስጥ። ከዚያ ቧንቧው ይዘጋ። ጠብታው ሲቆም ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ዝምታ በዲግሪ አይገኝም። በማግሥቱ ጎረቤት ቧንቧው ሲያንጠባጥብ «ሰው አጣህ?» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም፤ ሰው ተገኝቷል፣ ካቻቪቴም ይዟል።